መድኃኒቱን የደበቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ስንል እኛ ጎንደሬዎች ራሳችንን አንጨምርም። ምን የምንደብቀው አለንና? ባለፈው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የማላውቃቸው ሴትዮ ስለ ስኳራቸው፣ ስለ ጨጓራቸውና ስለ ግራ ኩላሊታቸው ሳልጠይቃቸው አጫወቱኝ። እኔም በአጸፋው ደም ግፊቴን ነገርኳቸው። ተመራርቀን ወረድን። ይሁን እንጂ በር ዘግተን የምናስታምመው በሽታም አለ። እኛ ቤት በር የተዘጋው በታናሽ ወንድሜ በደሳለኝ ላይ ነበር።

ደሳለኝ ግንበኛ ነው። ከሕንፃ ላይ ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። ወገቡ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አልለቀው አለ። ሲያጣው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እናቱን ሳይቀር ይሰድባል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ሌላ ቦታ ለዚህ ሕመም ሜታዶን የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ፣ እሱ ጋ ግን ስለሌለ ያንኑ ክኒን በልክ እየሰጠ ጥቂት በጥቂት እንደሚቀንስለት ነገረን። «በአንዴ ማቋረጥ የለም» አለ። ደሳለኝ ወራት ሙሉ በየጠዋቱ ነርሷ ፊት እየዋጠ ዳነ።

ሱሱ ከተዘጋው በር ሾልኮ ሰፈር ገብቶ ነበር። በምን ዳነ ሲሉን ምን አልን? ጠበል አልን። ጨርሶ ውሸት አልነበረም፤ እናታችን በየእሑዱ ታስጠምቀው ነበር። ካህኑም መድኃኒትህን ተው አላሉትም። መድኃኒቱን ከወሬው ያወጣነው እኛው ነን። ለደሳለኝ ሽማግሌ ልከን፣ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ቤተሰብ መልስ እየጠበቅን ነበራ! በጠበል የዳነ ሙሽራ ያስመርቃል፤ ከክኒን ሱስ በሐኪም የዳነ ግን ዘር ማንዘሩ ይጠየቃል።

አንድ ቅዳሜ አያ ሞላ መጡ። በየዓመቱ ጤፍ የሚያመጡልን የአይከል ገበሬ ናቸው። የቀረበላቸውን ሳይነኩ ወሬ ጀመሩ።

«ደሳለኝ ሸጋ ሆነ አሉኝ። የኔም ልጅ ጌታቸው እግሩ ከተሰበረ ወዲህ በዚሁ ክኒን ተይዞብኛል። ያለኝ እሱ ነው። በምን እንደዳነ ንገረኝ።»

«በጠበል ነው፣ አያ ሞላ።»

«ሐኪም ቤት ልውሰደው እያልኩ ነበር እኮ።»

የልጅቷ አጎት የሚኖሩት አይከል ነው። ወሬው እዚያ ሲደርስ ታየኝ።

«ጠበሉ ይበቃዋል» አልኩ።

ደሳለኝ በተዳረ ሰሞን ጌታቸው ክኒኑን በአንድ ቀን ጥሎ ጠበል ገባ። ሁለት ሳምንት እየተንቀጠቀጠ ቻለው። ቤቱ ሲመለስ ግን ባሰበትና የድሮውን ያህል ክኒን በአንዴ ዋጠ። ሰውነቱ ያን ያህል መሸከም ትቶ ነበር። አልነቃም። ይህን ያስረዳኝ የደሳለኝ ሐኪም ነው፤ ስጠይቀው «የአንድ ሰው ልጅ» ነበር ያልኩት።

አይከል ለቅሶ ደረስን። ደሳለኝ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር አጠገቤ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወዝቷል። አፈርኩ፤ በራሴ ይሁን በእሱ ደኅና መሆን እንጃ። አያ ሞላ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ምነው እንዲህ ታለቅሳለህ? አንተማ እውነቱን ነግረኸኝ ነበር። የጎደለው የኛ እምነት ነው።»

ቢረግሙኝ በወደድኩ። «እግዜር ያጥናዎት» ብቻ አልኩ።

ተረቱ በሽታውን ስለደበቀ ሰው እንጂ መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው የሚለው የለም። ለእናንተ ይኸው ነገርኳችሁ፤ ታክሲ ውስጥ እንደተገናኘ መንገደኛ። አያ ሞላ ዘንድሮም ጤፉን ይዘው መጥተው ነበር። አብረን ተቀምጠን ብዙ አወራን። ስለ ደም ግፊቴ ነገርኳቸው።