የእባጮች አለቃ፣ ክብርት ሀጀራ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት በሽተኛ አለ፤ በሽታውን የሚደብቅና በበሽታው የሚሾም። በስደት ከተማችን፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር፣ ጎረቤቴ የሆነችው ክብርት ሀጀራ ከሁለተኞቹ ናት፤ ያውም ባለ ሙሉ ማዕረግ።

ሹመቷ ከአንጎል ሥር፣ ፒቱታሪ በምትባል አተር በምታህል እጢ ላይ የበቀለ እባጭ ነው። "ሰባት ሚሊ ሜትር!" ትላለች፣ ሌላው ሰው የልጁን የፈተና ውጤት በሚናገርበት ድምፅ። "አንድ ሳንቲ ሜትር ካልሞላ ትንሽ ነው የሚባለው። የእኔ ትንሽ ነው፤ ግን ሥራ አይንቅም።"

ከወሎ መጥታ ዕድሜዋን በሰው ቤት ስለሠራች፣ እባጮችንም እንደ ቤት ሠራተኛ በየሥራቸው ነው የምትመድባቸው። "ያ ኡስታዝ፣" ትለኛለች፣ "አንተ መምህር" ለማለት፤ "የሚለዩት በሚያመነጩት ነው። አንዱ ወተት ያመጣል። አንዱ እድገት ነው፤ እጅና እግር፣ አፍንጫና አገጭ ያሳድጋል። አንዱ ኮርቲሶል ያስጨምራል፤ ፊት ድቡልቡል ይላል። አንዱ ብርቅ ነው፤ የአንገትን እጢ እረፍት ነስቶ ልብ ያስሮጣል። ደግሞ ምንም የማያመነጭ አለ፤ ዝም ብሎ ቦታ የሚያጣብብ።" የመጨረሻውን ስትል ባሏን ሳዲቅን ታያለች።

በዚህ እውቀት ሰፈሩን መድባ ጨርሳለች። ረክሻ የሚሏትን ባጃጅ የሚነዳው አብዱልሰላም ጫማ ስለጠበበው "እድገት" ተባለ፤ ጫማው የወንድሙ ነበር። ካሳነሽ ስለወፈረች "ኮርቲሶል" ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም አትላትም። እኔ ራሴን አመመኝ ያልኩ ቀን ደግሞ አፍንጫዬን አተኩራ አየችው። "ዋላሂ፣ አምና እንዲህ አልነበረም። ተመርመር!"

እንስቅባት ነበር፤ መሪማ እያለቀሰች እስክትመጣ ድረስ። እዚሁ ከተማ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ቪላ የምትሠራ፣ ያላገባች የወሎ ልጅ ናት። ከጡቷ ወተት ሲፈስ ማዳሟ አየችና "ወልደሽ የት ጣልሽው?" ብላ ከነሻንጣዋ አስወጣቻት። ወሬው ወሎ ከደረሰ ልጅቷ አለቀላት።

ሀጀራ ቶቧን ተከናንባ "ያላ!" አለች። እኔም ዩኒቨርሲቲ በተማርኩት አረብኛ ልረዳ ተከተልኩ፤ አላስፈለግኩም። ቪላው በር ላይ ቆማ ምደባውን ከወተቱ እስከ ሥራ ፈቱ ድረስ አወረደችው። "ወተት ያላት ሁሉ ወልዳለች? ደሟን አስመርምሪ! ወልዳ ከሆነ እኔን አስሪኝ!" ማዳሟ፣ ለመገላገል ይመስለኛል፣ መኪናዋን አስነስታ ሁላችንንም ወደ ክሊኒክ ወሰደችን።

መሪማ አልወለደችም። እባጭም የለባትም። ወተቱን ያመጣው ለማቅለሽለሽ ከፋርማሲ እየገዛች የምትውጠው ክኒን ነበር። ማዳሟ አፍራ ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ አስገባች።

ሀጀራ ግን ቅር አላት። "ምንም የለባትም? ትንሽዬም?"

ስንመለስ ረክሻው ውስጥ ወደ መንገዱ እያየች፣ "እኔም በዚሁ በወተት ነው ቡሪ ሰፈር ከነበርኩበት ቤት የተባረርኩት" አለች። "ያኔ የበሽታውን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቤ አልነበረም።"

ኋላ ከተማው ላይ የወረደው ጦርነት እሷን ገዳሪፍ አደረሳት፤ እኔ እዚሁ አርካዊት ቀረሁ። መስመር አግኝታ ስትደውል ስለ መብራቱም ስለ ውሃውም አትጠይቅም።

"አፍንጫህስ?"

ተመርምሬ ጤነኛ መሆኔን ካወቅኩ ቆይቻለሁ።

"ትንሽ ሳይጨምር አልቀረም" እላታለሁ።

"ብዬህ ነበር!" ትላለች፤ ድምፅዋ ፈካ ይላል። ከዚያም ከወተቱ ትጀምርልኛለች።