የጋሽ ፕሮግራም ሦስት ሰዓት ተኩል

በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ ሯጭ አለ ይባላል። ውሸት ነው። በየሰፈሩ ያለው የሩጫ ፕሮግራም ያለው ሰው ነው። ሯጭ ምንም አይል፤ ሮጦ፣ ታጥቦ፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። ባለ ፕሮግራሙ ግን ከመሮጡ በፊት ይነግራችኋል፣ ሮጦ ሲመለስ ይነግራችኋል፣ በዕረፍት ቀኑ ደግሞ ቁጭ ብሎ ስለ ዕረፍቱ ይነግራችኋል። ለኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ፕሮግራም ናቸው። በሥራቸው ልብስ ሰፊ፣ በዕድሜያቸው ሃምሳ አራት፣ በሐሳባቸው ግን ሁልጊዜ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው።

ጋሽ ፕሮግራም ከዚህች ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የሚካሄድ፣ ፈጣን ሰው ብቻ የሚገባበት ትልቅ ማራቶን አለ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው እዚያ ለመመዝገብ መጀመሪያ ሌላ ማራቶን ሮጦ ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች መግባት አለበት። ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። የመጀመሪያው በአርባ ሰከንድ አመለጣቸው። በሁለተኛው ያቺን አርባ ሰከንድ ለማካካስ ገና ከመነሻው እግሬ አውጪኝ ብለው ተፈተለኩና በአሥራ አንድ ደቂቃ አመለጣቸው።

ባለቤታቸው የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ ነገር ሲያጥር ይወዳሉ።

"ዓመት ብትጠብቅ ሃምሳ አምስት ይሞላሃል፤ ያኔ አሥር ደቂቃ ይጨምሩልሃል። ምን አስቸኮለህ?" አሏቸው አንድ ቀን እኔው ፊት።

"በእርጅና የመጣ ደቂቃ አልፈልግም" አሉ ጋሽ፣ መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ።

ሦስተኛው ሙከራ የአሥራ ስምንት ሳምንት ፕሮግራም ወጣለት። የተጻፈው የልብስ ንድፍ በሚያወጡበት ሰፊ ቡናማ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ ከመስታወቱ አጠገብ ደንበኛ ሁሉ የሚያየው ቦታ ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ስፒል፣ በስፒሉ ላይ ቁራጭ ክር፤ ቀይ ለፍጥነት፣ ሰማያዊ ለቀስታ፣ ቢጫ ለረጅሙ ሩጫ፣ ነጭ ለዕረፍት። አንዲት የሙሽራ እናት ቀሚስ ልትለካ ገብታ ስለ ቢጫው ክር ሃያ ደቂቃ ተምራ፣ ሳትለካ ወጥታለች። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ ጋሽ፤ አባቶች ይህን ተረት የተናገሩት ለማራቶን ብቻ እስኪመስል ድረስ።

እኔ ራሴ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ቀጠሮዬ አራት ጊዜ ተዛውሯል።

"ነገ ልምጣ ጋሼ?"

"ነገ ቀይ ነው። ፕሮግራሙ አይፈቅድም።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ከነገ ወዲያ የቀዩ ድካም ነው። ምን ያስጨንቅሃል ደንበኛዬ? ሱሪህ ያለ አንተ የትም አይሄድ።"

በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ጉድ አሳዩን። አራት ደቂቃ እንደ ጎረምሳ ጨፈሩ፣ ሁለት ደቂቃ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ እንደገና አራት ደቂቃ። ሙዚቃው ቢቆም እንኳ የእጅ ሰዓታቸው ካልጮኸ አይቆሙም። ስድስተኛውን ዙር ሲጨርሱ ሙሽሮቹን መርቀው፣ ኬኩ ሳይቆረስ ሊተኙ ሄዱ። ሌላ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ስሮጥ ከሱቃቸው በር ላይ "ክንድህን ዝቅ! ትከሻህን ፍታ!" ብለው ጮኹብኝ። ትከሻዬን ፈታሁ። አውቶቡሱ ሄደ። "ግን አሯሯጥህ አማረ" አሉኝ።

ልምምዳቸውን የሚሠሩት ከሱቃቸው ጀርባ ባለች፣ መኪና በማይበዛባት ዙሪያ መንገድ ነው። በስልክ ልኬት አያምኑም፤ "እጄ ያልዳሰሰውን ልክ አላውቀውም" ባይ ናቸው። ስለዚህ ሁለት እሑድ ሙሉ ተንበርክከው፣ በአንገታቸው በሚያንጠለጥሏት የልብስ ሜትር፣ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ለኳት። አንድ ሜትር ተኩል የምትረዝመዋን ሜትር ስድስት መቶ ስድሳ ሰባት ጊዜ ዘርግተው "ልክ አንድ ኪሎ ሜትር" ብለው ፈረዱ። እኔ ያን ሁሉ በመስኮት አይቼ ስስቅ ነበር፤ አልዋሽም።

ነገሩ የተበላሸው እዚያች መንገድ ላይ ነው። የፈለጉትን ያህል ቢሮጡ፣ የዙሩን ሰዓት ወደ ሙሉ ማራቶን ሲያሰሉት ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይወጣል። በሚቀጥለው ሳምንትም ሠላሳ አምስት። በአሥራ አራተኛውም ሠላሳ አምስት።

አንድ ሰኞ ወደ ሱቃቸው ብቅ ስል ግድግዳው ባዶ ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል፣ ስፒሎቹ ወደ ጣሳቸው ተመልሰዋል።

"ሱሪህ ደርሷል" አሉኝ።

በቀኑ የደረሰ ሱሪ እንደዚያ አስደንግጦኝ አያውቅም።

"ፕሮግራሙስ ጋሼ?"

"ሰው ልኩን ማወቅ አለበት" አሉና ወደ ስፌት መኪናቸው ዞሩ።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ስለ ቀይ ክር የማልሰማበትን ቀን ስመኝ ኖሬያለሁ። ግን ጀርባቸውን ሳይ መሄድ አቃተኝ፤ ሱሪዬን ታቅፌ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

እንዲህ እንዳለን መምህርቷ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ተሸክመው ገቡ። ግድግዳውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

"ሁልጊዜ በእኩል ነው የዘገየኸው" አሉ በመጨረሻ። "ድካም እንዲህ እኩል አይመጣም። ይሄ የእግር አይደለም፣ የልኬት ስህተት ነው። እስቲ መንገዱን እንደለካኸው አድርገህ ወለሉን ለካልኝ።"

ጋሽ እያጉረመረሙ ተንበረከኩ። ሜትራቸውን ዘረጉ፣ ጫፏ ላይ ሁለት ጣታቸውን አስቀመጡ፣ ከጣታቸው ማዶ በጠመኔ አሰመሩ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲቆርጡ የኖሩት እንደዚያ ነው፤ ለስፌት ሁለት ጣት ሳይተዉ እጃቸው አያሰምርም።

"አንተ ሰውዬ!" አሉ መምህርቷ። "ለአስፋልቱም የስፌት ትተህለታል!"

በማግስቱ ከግንበኛው ጎረቤታችን ረጅም ሜትር ተውሰን፣ ጋሽ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ለካን። ሃያ ሰባት ሜትር ትርፍ! ሰውየው አሥራ አራት ሳምንት ሙሉ በእያንዳንዱ ዙር ሃያ ሰባት ሜትር በነጻ ሲሮጡ ከርመዋል። መምህርቷ እንደገና አሰሉት፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ። የሚተርፈው ግማሽ ደቂቃ ነው። ጋሽ ግን አሥር ዓመት የተቀነሰላቸው መሰሉ፤ ስፒሎቹ የዚያኑ ዕለት ወደ ግድግዳው ተመለሱ፣ የኔም ሱሪ ሳይተኮስ ቀረ።

የውድድሩ ቀን እኔና መምህርቷ መጨረሻው መስመር አጠገብ፣ ከትልቁ ሰዓት ሥር ቆምን። ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ስምንት ሲል ጋሽ የሉም። ሃያ ዘጠኝ ሲልም የሉም። መምህርቷ ሰከንዶቹን ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ሃያ ላይ ድምፃቸው ተሰበረና እኔ ተቀበልኳቸው። ከዚያ ጋሽ በራሳቸው እጅ የሰፏት ቁምጣ በመታጠፊያው ብቅ አለች። ስንት ዓመት አንደበተ ርቱዕ ነኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ "ጋሼ! ጋሼ!" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። መስመሩን ሲረግጡ ሰዓቱ ሦስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ ይል ነበር። አለቀስኩ፤ መምህርቷም አለቀሱ። ጋሽ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው ሁለታችንንም እያዩ ሳቁ።

ባለፈው ሳምንት የትልቁ ማራቶን መመዝገቢያ ቅጽ ደረሳቸው። ሞልተው ይዘውልኝ መጡና "አንተ ጸሐፊ ነህ፤ ስህተት ካለው እረምልኝ" አሉኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። የትውልድ ቀናቸውን ቅጹ የተሞላበት ቀን ቦታ ላይ ጽፈውታል፤ አስተካከልኩ። የገቡበትን ሰዓት ሦስት ቦታ ጽፈውታል፣ "የጤና ችግር ካለ ይግለጹ" የሚለው ላይ ጭምር፤ ሁለቱን ሰረዝኩ። ከታች "ድንገት ቢታመሙ የሚጠራ ሰው" ይላል። በመጀመሪያው መስመር ባለቤታቸው አሉ። በሁለተኛው የኔ ስምና ስልክ ተጽፏል፤ "ዝምድና" ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ፣ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈታቸው፣ "ወንድም"።

ያቺን ቃል ደግሜ አነበብኳትና ሳልነካት እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

"ምነው? ስህተት አለው?" አሉኝ።

"የለውም ጋሼ" አልኳቸው። "ሌላ ስህተት የለውም።"