ክቡር አቶ ግን የተስማሙ ዕለት

አምስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ «ግን» ለማለት የተፈጠረ ነው። ይህን ሰው የማያውቅ የለም። ወንድማማቾች ስለ እናታቸው ቤት ሲመክሩ አለ፤ የወላጆች ስብሰባ ላይ አለ፤ የአንድ ሕንጻ ነዋሪዎች የደረጃውን አምፖል ለመቀየር ቆመው ሲነጋገሩ እንኳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከች ይላል። ሌላው ቦርሳውን አንሥቶ «እንግዲህ ተስማማን» ሲል እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቦርሳውም ተመልሶ ይቀመጣል።

በአንድ የደንብ ልብስ መስፊያ ክፍል ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ልብስ ተኳሹ ነበሩ። በፊታቸው «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዘወር ሲሉ «ክቡር አቶ ግን»። ተኳሽነታቸው በካውያም በቃልም ነው። ቀኑን ሙሉ የተጨማደደውን ሲያቃኑ ይውሉና ስብሰባ ሲገቡ የተቃናውን ይጨማድዳሉ።

ክፍሉ የአምስት ሰዎች ማኅበር ነው። የስፌት መኪኖቹን የሚጠግነው መካኒክ ሰብሳቢ ነው። ሁለት እኅትማማቾች ይሰፋሉ። ክቡርነታቸው ይተኩሳሉ። አምስተኛዋ ቆራጯ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ የቆረጠች፣ በዚያ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ። በመቀስ ቆራጭ ትሁን እንጂ በነገር ቆራጥ አይደለችም፤ ከስብሰባ የምትወደው ማለቁን ብቻ ነው። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ማንኛውም ውሳኔ ሁሉም ካልፈረሙበት አይጸናም ይላል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ተኳሹን አያውቋቸውም ነበር።

የግድግዳው ሰዓት ከበሩ በላይ ይሰቀል ወይስ ከመስኮቱ ጎን በሚል ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል፤ በመሃሉ ባትሪው አልቆ ቆመ። ታናሽ እኅት ስታገባ ብርድ ልብስ ይገዛላት ተባለ። በዚህስ ማን ምን ይላል? «ጥሩ ነው፤ ግን የተፋቱ እንደሆነ ማን ይወስደዋል?» አሉ ክቡርነታቸው። ሙሽሪት እዚያው ተቀምጣለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ተጨቃጭቀው ሁለት ብርድ ልብስ ገዙ። ቆራጯ እጇ ሲደክማት ቃለ ጉባኤው ላይ «የተለመደው ተቃውሞ ተሰምቷል» ብላ ማለፍ ጀመረች። ተኳሹ በመጡ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፈችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ልብ ብሎ ላየ ግን አንድ የሚገርም ነገር ነበር። እኅትማማቾቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ሁለቱም ከመካኒኩ ጋር አይስማሙም። ተኳሹ አፋቸውን የከፈቱ እንደሆነ ግን ሦስቱም አንድ ልብ ይሆናሉ። ያቀረቡት ሐሳብ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚመረምረው የለም፤ የሚታሰበው ክቡርነታቸው መቼ ደክሟቸው እንደሚፈርሙ ብቻ ነው። በመጨረሻ ይፈርማሉ፤ ሰውም ተንፍሶ ይወጣል።

እንዲህ ሲኖሩ ነው ያ ጉድ የመጣው። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ አንዱ ፊቱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ፊቱ ወደ ታች። ግራና ቀኝ እኩል የሚወጣው እንዲያ ሲሆን ነው። ለአርባ የሐኪም ጋዋን ሰማንያ እጅጌ ተቆረጠ፤ ታናሽ እኅት ልትገጥም ስታነሣቸው ሰማንያውም የግራ ሆነው ተገኙ። ቆራጯ አንድ በአንድ እያገላበጠች አየቻቸው። ሰማንያኛውን አስቀምጣ የጨርቅ ጣቃው ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ዓይነት ነገር በእጇ አልፎ አያውቅም።

ሰብሳቢው በማግስቱ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የቆራጯ ዓይን ስለደከመ ጠረጴዛውን ለቅቃ ቁልፍ ትትከል፤ ሌላ ቆራጭ ይፈለግ። ባለጉዳዩ አይፈርምምና የሚፈርሙት አራቱ ናቸው። ሦስቱ እንደሚፈርሙ ከፊታቸው ታይቷታል። የቀሩት ክቡር አቶ ግን ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ያን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ስታፋጭ የኖረች ሴት፣ ያን ዕለት ጠዋት እንዲሉት ተሳለች።

ለራሷ ለመከራከር አላሰበችም። እጅጌዎቹ በተቆረጡበት ቀን ጠዋት ጥርሷን ለማስነቀል ሄዳ ነበር። ጉንጯ አብጦ፣ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ ስትመለስ ጨርቁ ተነጥፎ ጠበቃት፤ ሳታገላብጥ ቆረጠችው። ያነጠፈው ማንም ይሁን ማን፣ ጨርቁን ሳያይ የሚቆርጥ ቆራጭ ጥፋቱ የራሱ ነው ብላ ታምናለች።

ስብሰባው ተጀመረ። ሰብሳቢው ሌሊቱን ሲያዘጋጅ ያደረው ወረቀት ነበረው፤ ተኳሹ ሊያነሡ ለሚችሉት ጥያቄ ሁሉ መልስ ጽፎበታል። ሐሳቡን በሦስት ደቂቃ ተናግሮ ጨረሰና እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው ዞረ። ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስማማለሁ» አሉ።

ቆራጯ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆመ። የሰማችው ቃል ሌላ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን ጣሪያውን ያያሉ። ሰብሳቢው መልሱን ፍለጋ ወረቀቱን አገላበጠ። ታላቅ እኅት መነጽሯን አወለቀች፤ ታናሽየዋ የተኳሹን ግንባር በእጇ ነካች፣ ትኩሳት እንዳለ ለማወቅ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ» አለ ሰብሳቢው።

«እስማማለሁ። ሰብሳቢያችን በደንብ አስበውበታል። ወረቀቱን ወዲህ በሉት፣ እንፈርም።»

ቆራጯ በልቧ ቆጠረች። ብርድ ልብስ ሲገዛ የተቃወሙ ሰው እሷ ከጠረጴዛዋ ስትባረር ተስማሙ። ሰዓት ሲሰቀል ሦስት ስብሰባ፣ ለእሷ አንዲት ቃል። ጠላቷ ቢያደርገው እንዲህ ባልከፋት። ግዴታዋ ነውና «ተኳሹ ተስማምተዋል» ብላ ጻፈች፤ ፊደሎቹ የራሷ አይመስሉም ነበር።

ወረቀቱ እኅትማማቾቹ ፊት ቀረበ፤ ማንም ግን አላነሣውም። ሰብሳቢው ያን ሁሉ መልስ ተሸክሞ የሚጠይቀው አጣ። «መቼም ዓይኗ ደክሟል ስል...» ብሎ ጀመረ፤ ያቋረጠው አልነበረምና መቀጠል አቃተው።

«ምን አይተው ነው የተስማሙት?» አለች ታናሽ እኅት።

«ምንም። አልቋል፣ ፈርሚ» አሉ ተኳሹ።

«ምን ያጣድፈናል?» አለች። ለመውጣት ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞራ ዓይን መድከሙን ሐኪም አይቶታል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው አላየውም አለ። እንግዲያ በምን ታወቀ? በእጅጌዎቹ አለ። ታላቅ እኅት ይህን ጊዜ መነጽሯን መልሳ እያደረገች፣ ማንንም ሳታይ ተናገረች።

«ጨርቁን ያነጠፍነው እኛ ነን። ‹ጊዜ እንዳይባክን አንጥፉላት› ያልከን አንተ ነህ። ይገለበጣል ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«እኔ ምን አልኩ?» አለ ሰብሳቢው።

«‹ዝም ብለሽ አንጥፊ› አልክ።»

ሰብሳቢው አንገቱ ድረስ ቀላ። ነገሩን ሦስቱም ያውቁት ነበር፤ ሦስቱም ግን ለራሳቸው እንኳ ነግረውት አያውቁም። ተኳሹ ተናግረውት ቢሆን ሦስቱም ተባብረው በካዱት ነበር። አሁን የሚሟገቱት ሰው ስላጡ አመኑ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቆራጯን ይቅርታ ጠየቃት። ከእንግዲህ መቀስ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ሰው ንጣፉን እንዲያይ ተወሰነ። ቆራጯ በጠረጴዛዋ ጸናች።

ቆራጯ ግን ቁጣዋ አልበረደላትም። ሁሉም ሲበተን ተኳሹን ከካውያቸው ጋር ቆመው አገኘቻቸው።

«ምን በድዬዎት ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

ቀድሞ የተሰፋ አንድ ጋዋን እያቃኑ ነገሯት። ጨርቁ ሲነጠፍ ከዚሁ ቦታ ሆነው አይተዋል። «ግን ይህ ነገር ፊቱ ሁሉ ወደ ላይ አልሆነም?» ብለዋል። ሰብሳቢው «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብን» አላቸው፤ እኅትማማቾቹ ሳቁ። ያን ዕለት ቃላቸው ከመኪና ድምፅ እንደማይለይ ገባቸው። ለእሷ ሲሉ «ግን» ቢሉ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱም ፈርመው፣ እሳቸው እንደ ወትሮው ደክሟቸው እስኪፈርሙ በጠበቁ ነበር።

ቆራጯ ደንግጣ አየቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሰምታቸው አታውቅም ነበር። የጻፈቻቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ዓይኗ ፊት ተደረደሩ፤ አፈረች።

«ሦስቱም ዝም ብለው ቢፈርሙስ ኖሮ?» አለች በመጨረሻ።

ክቡርነታቸው ቀና አሉ። ፊታቸው ነጣ።

«እሱን አላሰብኩትም» አሉ።

የሚነድ ነገር ሸተታት። ካውያው ጋዋኑ ላይ ተረስቷል፤ ሲያነሡት የቀኝ እጅጌው ላይ የካውያው ቅርጽ ጠቁሮ ቀርቷል። ጨርቅ አቃጥለው የማያውቁት ተኳሽ ያቃጠሉትን አዩና እንደ ሕፃን አንገታቸውን ደፉ።

«አደራሽን፣ ስብሰባ ላይ እንዳታነሺው» አሉ።

ቆራጯ ጋዋኑን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ሜትሯን ካንገቷ አውርዳ እጅጌውን ለካች።

«አነሣዋለሁ እንጂ» አለች። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩበት ልስማዎት።»