ጋሽ ሀምዱና አዛውንቱ ራዲዮ

ራዲዮ ጠጋኝ የሌለው ከተማ አይቼ አላውቅም፤ የጠገነውን ራዲዮ የሚመልስ ጠጋኝ ያለውንም እንደዚያው። ይህን ስል አንድ የምታውቁት ሰው ፊታችሁ ድቅን እንዳለ ይገባኛል። መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ጣቱ በመበየጃ የተለበለበ፣ «መቼ ልምጣ?» ሲሉት ቀና ሳይል ቀን የሚቆርጥ። የእናንተውን አላውቅም። የእኛው፣ የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጠጋኝ፣ ክቡር ዶክተር ኢንጂነር ጓድ ሀምዱ ነበሩ። ዶክተሩንም ኢንጂነሩንም የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ጓድ ያላቸው ቀበሌው ነው። እሳቸው ግን «ጋሽ ሀምዱ ይበቃል» ይሉ ነበር።

የጋሽ ሀምዱ ቀን ማክሰኞ ነው። «ኢንሻአላህ ማክሰኞ።» የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ተናግረው ስለማያውቁ ዋሽተውም አያውቁም። የእኔ ራዲዮ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ገብታ በሰባ ዘጠኝ ሚያዝያም እዚያው ነበረች። ሳትድን ቀርታ አይደለም። በገባች በሦስተኛው ቀን ድና ስትዘፍን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ታዲያ ልውሰዳት» ብላቸው በመነጽራቸው አናት አዩኝና፣ ታሞ የተነሣ ሰው በማግስቱ እርሻ ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ማገገም አለባት። የተጠገነ ራዲዮ እሳቸው ዓይን ሥር እየዘፈነ ሳያገግም አይወጣም፤ የቤቱ ደንብ ይኸው ነው።

በዚህ ደንብ የተነሣ የሰፈሩ ራዲዮ ሁሉ ጋሽ ሀምዱ ሱቅ ተኝቶ ነበር። ዜና መስማት ስንፈልግ የየራሳችንን ራዲዮ ልንጠይቅ እንሄዳለን። በሽተኛ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ አንዱ ቆሎ፣ ሌላው ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። ሲወጣም «አላህ አፊያ ያድርግላት» ሳይል አይወጣም። በላቸው የሚባለው የአውቶቡስ ሾፌር ራዲዮው ከወለል ወደ መደርደሪያ ከፍ ማለቱን ባየ ቀን ደስ ብሎት አንድ ኪሎ ብርቱካን አመጣ። ብርቱካኑን የበሉት ጋሽ ሀምዱ ናቸው።

ከሁሉም በላይ፣ በጠረጴዛው ራስ ላይ፣ አዛውንቱ ተቀምጠዋል። አዛውንቱ ራዲዮ ናቸው። ጋሽ ሀምዱ በንጉሡ ጊዜ የቴሌግራም ሠራተኛ ሳሉ ከተጣለ ዕቃ መሐል ያነሡት የመገናኛ ራዲዮ ነው፤ ብረት ለበስ፣ ለማንሣት ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ ፊቱ ላይ አሥራ አራት ማዞሪያ፣ ሆዱ ውስጥ አሥራ አንድ የመስታወት አምፖል ያለው። መቀበል እንጂ መላክ አይችልም። በጤናው ዘመን ግን ቀይ ባሕር ላይ መርከበኛ ሲያስነጥስ ይሰማ ነበር ይላሉ። እኛን «አንተ» የሚሉት ጋሽ ሀምዱ እሱን «አንቱ» ነው የሚሉት። ዘጠኝ ዓመት ጠገኑት፤ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለምን አይጥሉትም ያላቸውን ሰው ሦስት ወር ሰላምታ እንኳ ነፈጉት።

አጠጋገናቸው ራሱ ትያትር ነበር። ከድምፅ ማጉያው ይጀምሩና ወደ ኋላ፣ አምፖል በአምፖል፣ በእርሳስ ጫፍ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ድምፅ እስካለበት ድረስ ሰላም ነው፣ በሽታው ድምፅ ከሚጠፋበት ደጃፍ ነው ይላሉ። የዛገውን የማዞሪያ ሆድ የሚያጥቡት ደግሞ በአረቄ ነው። ከአረቄ የተሻለ ዝገት የሚያወጣ ነገር ደሴ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ አምስት ወቅት ሶላት የማያጓድሉት ሰው በየሳምንቱ የየኔነሽ አረቄ ቤት በር ላይ ጠርሙስ ይዘው ይቆማሉ። ሰፈሩ «ሀምዱ ጀመሩ» ብሎ አማ። የኔነሽ ስማቸውን ልታድን ብላ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዛሬስ አዛውንቱ ስንት ይጠጣሉ?» ማለት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ሐሜቱ ጋሽ ሀምዱ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተደብቀው ይጠጣሉ ወደሚል አደገ።

ሚያዝያ ላይ ግን ቀልድ የማያውቅ ጉዳይ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ረሂማ አንድ ልጃቸው ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሰባት ወሩ ነበር፤ ወሬውም ጠፍቶ ቆይቷል። አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሳቸውና ሱቁ ድረስ ይዘውት መጥተው እኔ አነበብኩላቸው። ደህና ነኝ ይላል። ሰላምታውን በቴፕ እንደቀዱትና ከሰሜን በአጭር ሞገድ እንደሚያስተላልፉት፣ ቀኑም እሑድ ስድስት ሰዓት እንደሆነ ይገልጻል፤ ብንቆጥረው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የእኛ ራዲዮኖች ደግሞ ያንን ጣቢያ ሲፈልጉ ከፉጨትና ከጩኸት በቀር የሚያመጡት የለም። ጥፋቱን ሁላችንም የምንጥለው በጦሳ ተራራ ላይ ነው።

እትዬ ረሂማ ደብዳቤውን አጥፈው ሻሻቸው ውስጥ ቋጠሩና ጋሽ ሀምዱን ተመለከቱ።

«ሀምዱ፣ እኔ በደብዳቤ አላምንም። ደብዳቤ ሌላ ሰውም ይጽፈዋል። ድምፁን አሰማኝ።»

ቆሎ የሚቆረጥመው አፍ ሁሉ ቆመ። ጋሽ ሀምዱ ማክሰኞ እስኪሉ ነበር የምንጠብቀው። እሳቸው አዛውንቱን ቀና ብለው አዩ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«እሑድ» አሉ።

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቀን ሲጠሩ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ፈራሁላቸው።

በስምንተኛው ቀን በሽታው ተገኘ። አራተኛዋ አምፖል ላይ ሲደርሱ ድምፅ ይጠፋል፤ ውስጧ ያለችው ቀጭን ክር ተበጥሳለች። ዘጠኝ ዓመት እንዴት አላገኟትም ብዬ ብጠይቅ፣ ሌሎቹ አሥሩ እስኪድኑ የእሷ ሕመም አይለይም ነበር አሉኝ። እንደዚያ ያለ አምፖል ያለው ደግሞ ኮምቦልቻ የሚኖሩት የድሮ ባልደረባቸው አቶ ገብረ ማርያም ዘንድ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት አብሬያቸው ወረድኩ።

አቶ ገብረ ማርያም የጋሽ ሀምዱ የኮምቦልቻ ቅጂ ሆነው አገኘኋቸው። እሳቸውም እንዲሁ ያለ ራዲዮ አላቸው፤ እሳቸውም አሥራ ሁለት ዓመት ጠግነውታል፤ በመጪው ሳምንት እንደሚናገርም እርግጠኛ ናቸው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ብየዳ ሲነቅፍ ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ጋሽ ሀምዱ የእትዬ ረሂማን ነገር ተናገሩ። አቶ ገብረ ማርያም ተነሥተው የራሳቸውን ራዲዮ ከፈቱና አምፖሏን ነቅለው ሰጧቸው። ባለቤታቸው በጥጥ ጠቅልለው፣ በላዩ የልጅ መታቀፊያ ደረቡበት።

ጋሽ ሀምዱ ያንን ታቅፈው የበላቸው አውቶቡስ ላይ ወጡ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላቸው። አንዷ ጠጋ ብላ ወንድ ነው ሴት ብትላቸው፣ መዋሸት አይሆንላቸውምና «ገና አልለየም» አሉ። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በላቸው ግን ምሥጢሩን ያውቅ ነበርና ዳገቱን በየጥምዝምዙ እየቆመ፣ አንዲት ድንጋይ ሳይረግጥ ወጣው። ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ጥሩምባ እስከ ደሴ ሳይሰማ አልቀረም።

ኬላው ላይ ፈታሹ መታቀፊያውን ገለጠ። በዚያ ዘመን የመገናኛ ዕቃ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ በልቤ ለእስር ቤት የሚሆን ብርድ ልብስ እየመረጥኩ ነበር። ጋሽ ሀምዱ ሳይንተባተቡ እውነቱን ነገሩት፤ የእናትየዋን፣ የልጁን፣ የእሑዱን። ፈታሹ አምፖሏን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ጎጆው ገብቶ የራሱን ራዲዮ ይዞ ወጣ፤ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ወሯ ነው አለ። ጋሽ ሀምዱ ተቀበሏት።

«ኢንሻአላህ ማክሰኞ።»

እንዲህ ሆነን አለፍን። ሳቄን የለቀቅኩት ደሴ ከገባን በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አምፖሏ ገባች። አሥራ አንዱም ቀስ ብለው ጋሉ፤ አቧራ አቧራ ሸተተ፤ አዛውንቱ ጉሮሮ እንደሚጠርግ ሰው አጉረመረሙና በማናውቀው ቋንቋ ዜና አነበቡ። ጋሽ ሀምዱ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ማሻአላህ፣ እንኳን ተነሡ አንቱ» አሉና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔ ጨፈርኩ፤ የኔነሽ ከማዶ እልል አለች።

እሑድ ሱቁ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። ጋሽ ሀምዱ ያገገሙትንም ያላገገሙትንም ራዲዮኖች ሁሉ አጠፉ። ስድስት ሰዓት ላይ ወታደሮቹ እየተፈራረቁ ሰላምታ ማቅረብ ጀመሩ። ድምፁ ይመጣል፣ ይሸሻል፤ ጋሽ ሀምዱ ትንፋሻቸውን ውጠው ማዞሪያዋን በፀጉር ስንጥቅ ያህል እየነካኩ ይመልሱታል። ስድስት ወታደር አለፈ። ሰባተኛው ተናገረ።

«እማዬ፣ ሰይድ ነኝ። ደህና ነኝ። ያ ሳልም ለቆኛል። ክረምት ሳይገባ ጣራውን አስከድኚ። አይዞሽ፣ አብሽሪ።»

ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረም። እትዬ ረሂማ አላለቀሱም። ተነሡ፣ በሰው መሐል አልፈው አዛውንቱ ፊት ቆሙ፣ አፋቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉ።

«ሰይዴ፣ ጣራው ተከድኗል። ጎረቤታችን ዘይኑልአቢዲን ነው የከደነልኝ...»

እኔ ዐዋቂው ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሀምዱ እግሬን በጫማቸው ረገጡኝ። እኚህ ሰው ራዲዮ የሚናገሩትን መልሶ ይሰማል ያለውን ሁሉ ግማሽ ቀን ቁጭ አድርገው የሚያስተምሩ ናቸው።

«ንገሪው ረሂማ፣ ልጅሽ እየሰማሽ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ስምንተኛው ወታደር በእትዬ ረሂማ ድምፅ ላይ ሰላምታውን ጀመረ። ጋሽ ሀምዱ እጃቸውን ዘረጉና የድምፁን ማዞሪያ ቀስ እያሉ ዝቅ፣ ዝቅ አድርገው ዘጉት። ዘጠኝ ዓመት ተናገሩ እያሉ የለመኗቸውን አዛውንት፣ አፋቸውን በፈቱ በማግስቱ ዝም አሰኟቸው። እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እግሬ እየጠዘጠዘኝ። እትዬ ረሂማም ማንም ሳያቋርጣቸው ስለ ጣራው፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ለልጃቸው ነገሩት።