ትንሽ ብቻ የተጨመረበት ባሕር

የእኛ ሰው «በቃኝ» ሲሉት አይሰማም። ዲላ ውስጥ ሰው ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ «ጠግቤያለሁ» ማለት «ድገሙኝ» ከማለት እንደማይለይ አይጠፋችሁም። ታሞ የተኛማ ወዮለት። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ መጥቶም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ትራስ ያቃናል፣ ብርድ ልብስ ይደርባል፣ በሽተኛው በደህናው ቀን ያልቀመሰውን ሁሉ ያቀርብለታል። ይህ ጠባያችን ባሕር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ጋሽ ተክሉ የታመሙ ጊዜ ነው።

ዲላ ደግሞ ምን ባሕር አላት ትሉኝ ይሆናል። ነበራት፤ ጋሽ ተክሉ ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው ጎን። ጋሽ ተክሉ የመርከብ ሠራተኛ ነበሩ። የዲላዋን ልጅ እትዬ አስካለን ሲያገቧት «ባሕር አሳይሻለሁ» ብለው ቃል ገቡላት። ምጽዋ ሲሉ መንገዱ ተዘጋ፤ ጅቡቲ ሲሉ የእሷ ጉልበት እምቢ አለ። ቢቸግራቸው ባሕሩን ራሱን አመጡላት። የመስታወት ገንዳ አሠሩ፤ የባሕር ጨው ከጅቡቲ አስልከው፣ በጥብጠው ሞሉት፤ በመጨረሻም አንድ የድሮ ባልደረባቸው ኮራል በጄሪካን አድርጎ በጭነት መኪና ላከላቸው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው እንስሳ ነው፤ ሲመቸው ሮዝ ጣቶቹን ዘርግቶ ይወዛወዛል። እትዬ አስካለ ወንበር ስባ እሱን ስታይ ትውል ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ።

ታዲያ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበትን ነገር ከውኃው እየለቀመ ስለሚጨርሰው መተካት አለበት። ጋሽ ተክሉ «አልካላይኒቲ» ይሉታል፤ ሰፈሩ «የባሕሩ ቀለብ» ይለዋል። ነገሩ ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ሶዳ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ አሟሙተው ጠዋት ጠዋት ጠብ ጠብ ያደርጉለታል። ሲያንስ ይከሳል፣ ሲበዛ ይሞታል ይሉን ነበር፤ እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ደም ግፊት ጥሏቸው ሐዋሳ ሆስፒታል ሲተኙ ቁልፉንም ማንኪያውንም ለጎረቤታቸው ለእትዬ ዘርፌ ሰጡ። ሐዋሳ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ደግሞ ለሁሉ አይሞላም። ስለዚህ ሰፈሩ ገንዳውን ይጠይቅ ጀመር። እትዬ ዘርፌ ትከፍታለች፣ ጠያቂው ይገባል፣ ቁጭ ብሎ ይተክዛል። የሶዳው ቆርቆሮ ያለው እዚያው ገንዳው አጠገብ ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል?

ጋሽ ተክሉ ተሽሏቸው ሲመለሱ ባሕሩ እንደ አጥሚት ነጥቶ ጠበቃቸው። ኮራሉ ጣቶቹን ሁሉ ሰብስቦ የእውነት ድንጋይ መስሏል። ሻንጣቸውን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ዳግመኛ የሞተችባቸው ያህል ነበር፤ ፊታቸውን ማየት ከበደኝ።

«ማነው የጨመረበት?»

«እኔ እንዳዘዙኝ ጠዋት ጠዋት ነው» አለች እትዬ ዘርፌ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማታ ግን ሲያሳዝነኝ ትንሽ እደግምለት ነበር።»

«እኔ ትንሽ ብቻ ነው ያደረግኩት» አለ ቡና ነጋዴው ጅግሶ። «እሱም ጸልዬ ነው።»

«የእኔማ የማንኪያ ጫፍ ናት» አለ ባለሱቁ ከድር።

ጋሽ ተክሉ አልተቆጡም። ምን እናድርግ ብንላቸው «ምንም። ምንም አትጨምሩበት» አሉ። ሰፈራችን ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ደርሶት አያውቅም። እሳቸው ከውኃው በጥቂቱ እየቀዱ፣ አዲስ እየተኩ ጠበቁ፤ እኛም እጃችንን ኪሳችን ውስጥ ከተን ጠበቅን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንቁላሉን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግን ሌላ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጥጉ አንድ ሮዝ ጣት ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ። ጋሽ ተክሉ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ደስታም ቢሆን በባዶ እጅ አይሆንም። ወዲያው ሦስቱ ጎረቤቶች ከየቤታቸው ሾርባ ይዘው መጡ። ሐኪሙ ጋሽ ተክሉን ጨው የሚባል እንዳይቀምሱ መከልከሉን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከዘርፌ ቀመሱ፤ ከጅግሶ ቀመሱ፤ ከከድርም ቀመሱ። ማንኪያውን አስቀመጡና ኮራሉን አዩ፤ ከዚያ እኛን አዩን።

«ጨው አለው እንዴ?»

ሦስቱም ተያዩ።

«ትንሽ ብቻ» አሉ።

ጋሽ ተክሉ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያው የእኔንም ውኃ ቀይሩልኝ» አሉና ብርጭቋቸውን ዘረጉ።