ሊቀ ዘይቱና የማጀቱ መስኮት

በየከተማው አንድ ነገር የለከፈው ሰው አይጠፋም። አንዱን ንብ ይለክፈዋል፣ ሌላውን አሮጌ ሬዲዮ፣ ሌላውን ደግሞ የዶሮ ዘር። እንዲህ ያለ ሰው እንደምን አደራችሁ ካለ በኋላ እግዚአብሔር ይመስገን እስክትሉ እንኳ አይታገሥም፤ ወደ ነገሩ ይገባል። ክፋት የለበትም። እሱ የወደደውን ሌላውም እንዲወድለት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ለዚህ ሲል ግን የሰው ቀን ሙሉውን ይወስዳል። በእኛዋ የእስቴ ከተማ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ ይህ ዕጣ የወጣው ለአቶ ቀለመወርቅ ነው። የለከፈውም የወይራ ዘይት ነው።

ቀለመወርቅ እንጀራው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ዘይቱ ከገባበት ወዲህ ግን የከተማችን ሰው «ሊቀ ዘይት» ብሎ ሾመው። መጀመሪያ እውነተኛ አክብሮት መስሎት ደስ አለው። እየሳቁበት መሆኑን ሲረዳ ማዕረጉን ለምዶት ስለነበር፣ ያለሱ ሲጠሩት ቅር ይለው ጀመር።

የሚገርመው ማብዛቱን ራሱም ማወቁ ነው። አፉን ሲከፍት፣ በውስጡ አንድ ሌላ ቀለመወርቅ ተቀምጦ «አሁንስ በቃህ፣ ሰውየው እኮ የመጣው ለማጠፊያ ነው» ይለዋል። ይሰማዋል። ልክ መሆኑንም ያምናል። ያም ሆኖ ያወራል።

ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆርቆሮ ለመግዛት አዲስ አበባ ሄዶ አብሮ አደጉን ዘመኑን ያገኘ ዕለት ነው። ዘመኑ ትንሽ አስመጪ ነው። ባሕር ማዶ ካለ አንድ የገበሬ ቤተሰብ የወይራ ዘይት ያስመጣል፤ የሰዎቹን ዛፎች ፎቶ እንደ ልጆቹ ከኪሱ አውጥቶ ያሳያል። ቀኑ ዓርብ ነበርና ዳቦ ቆርሶ አረንጓዴ ዘይት አፈሰሰበት። ቀለመወርቅ ሲውጠው ጉሮሮውን ለበለበው፤ ሳለ፤ እንባው መጣ። ዘመኑን ሊሰድበው ሲል ከሳሉ በስተኋላ የታጨደ ሣር ሽታ መጣበትና ስድቡን ረሳው። ዘመኑም «ካላሳለ ዘይት አይደለም» አለው። ቀለመወርቅ ሸጦ ሊከፍል ጥቂት ካርቶን ተረከበ፤ እስከ ደብረ ታቦር አንዱን ጭኑ ላይ ታቅፎ ተጓዘ፤ ከጎኑ የተቀመጡት ሰውዬ ታቦት የያዘ መስሏቸው እግራቸውን እንደሰበሰቡ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ ሚስማር መግዛት ፈተና ሆነ። ገዢው ገና ሳይቀመጥ በአረቄ መለኪያ ዘይት ይቀዳለታል። መለኪያውን በመዳፍ ከድኖ ማሞቅ፣ ከፈት አድርጎ ማሽተት፣ ከዚያ ከአየር ጋር ስቦ ፉት ማለት አለ፤ ድምፅ እስኪወጣ ድረስ። በጨዋ ደንብ ያደጉ ሽማግሌዎች ቆርቆሮ ክምር ላይ ተቀምጠው እንደ በሬ ሲምጉ ማየት ከተማውን ለአንድ ሰሞን አዝናንቶታል። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ብርሃን፣ ሙቀትና ጭስ የዘይት ጠላቶች ናቸው» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። ሰው ሚስማሩንና ሳሉን ይዞ ይወጣል። ከማዶ ሌላ ሚስማር ሻጭ አለ፤ ባለቤቱ ዝምተኛ ነው፣ ዋጋውም ይሻላል። ደንበኛው ግን እየተማረረም ቢሆን ቀለመወርቅ ጋ ነው የሚሄደው።

ዓርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ድረስም ሄዶ ነበር። ኑግ ከሚሸጡት ሴቶች መሐል ጨርቁን ዘርግቶ ድምፁ እስኪዘጋ ሰበከ። ማንም አልገዛውም። የሴቶቹን ፊት እየዘጋ መዋሉ ሲታወቀው አፍሮ ከእያንዳንዳቸው ኑግ ገዛና በአህያ አስጭኖ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ሚስቱ ደጊቱ ጆንያውን ተቀብላ ማጀት አስገባችው። የጾም ሰሞን የኑግ ዘይት ጨምቃ ለጎረቤት የምትሸጠው እሷ ናትና ኑጉ የትም አይወድቅም።

ለቅሶ ቤት ያደረገውን ግን እስካሁን ሲያስታውሰው ትራሱን ፊቱ ላይ ይደፋል። የጾም ወጥ ቀርቦ አንድ ጉርሻ እንደጎረሰ ለጎረቤቱ ለአያ ደምሌ በጆሯቸው «ይህ ዘይት አርጅቷል» አላቸው። አያ ደምሌ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል እንዲደግምላቸው ጠየቁት። ውስጡ ያለው ቀለመወርቅ «እንዳታደርገው» አለ። ደገመው፤ የሟች ልጆችም ሰሙት።

ዘይቱ ጨርሶ ሳይሸጥ ቀርቶ አይደለም። ይሸጣል፤ የሚበላው ግን የለም። ለሕፃን ፀጉር፣ ለጆሮ፣ ለጉልበት ነው የሚገዙት። እማማ መስታወት፣ የሰፈሩ ባልቴት፣ ጉልበታቸውን አሽተው እንደተሻላቸው ሊያመሰግኑት ሲመጡ፣ የሚበላ መሆኑን ለምኖ አስረዳቸውና ለነቢያት ጾም አንድ ጠርሙስ ወሰዱ። በማግስቱ የታኅሣሥ ውርጭ ጣለ። የወይራ ዘይት ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፤ ይህን ቀለመወርቅ ከስብከቱ ውስጥ ዘሎታል። እማማ መስታወት ጠርሙሱን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ቀለሜ፣ ምን አደረግሁህ፣ ቅቤ ሰጥተህ ጾሜን ልታስገድፈኝ?»

ጠርሙሱን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሲያሞቀው ቆየና አቅልጦ አሳያቸው። ቅቤም ይቀልጣል አሉት። ጋይንት ያለው የቤተ ልሔም ገዳም ድረስ ሄዶ ለየኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ነገራቸው። የኔታም የዛፍ ፍሬ መሆኑን፣ በጾም ቢበላ ነውር እንደሌለበት መሰከሩለት፤ ለመብራታቸውም ጥቂት ተቀበሉት። ምስክርነቱን ይዞ ቢመለስም የተፈጠረው ጥርጣሬ አልለቀቀም። ሰው የኔታን ያምናል፤ የረጋውን ጠርሙስ ግን በዓይኑ አይቷል።

ደጊቱ ደግሞ ጨርሶ አትቀምስም። መጀመሪያ ሰሞን በቁራሽ እያጠቀሰ ሲለምናት «እኔ የኑግ ሰው ነኝ፤ ኑግ ምን በደለኝ?» ብላ እጁን መለሰችው። ከዚያ ወዲህ መለመኑን ተወ፤ አንድ ጠርሙስ ግን ምናልባት ብሎ ማጀት አኖረላት። ባለፈው ክረምት ከማጀት ሳል ይሰማው ጀመር። ስለ ጭስ ጠላትነት ከተማውን ያስተማረ ሰው የሚስቱን ደረት ረስቶ መክረሙ አሳፈረውና ግድግዳውን አፍርሶ፣ በገዛ ሚስማሩ መስኮት ገጠመላት። «እግዜር ይስጥህ» አለችው። ሳሉ ግን አልቀረም። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላት ቆሎ እንደሰረቀ ሰው ዓይኗን ታሸሻለች። እሱም ከባድ ነገር ደብቃው እንዳይሆን ይሰጋል።

በዚህ መሐል ዘመኑ ደወለ። ቀለመወርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ የነገረው ሌላ ነበር፤ እስቴ በወይራ ዘይት ነው የሚጾመው፣ ጋይንት እየተከተለ ነው፣ ስማዳም ጠይቋል። ዘመኑ እነዚህን ሰዎች ላያቸው እመጣለሁ አለው። ባሕር ዳር ዘይቱን የሚፈልጉ ሰዎች ስላሉ፣ እዚህ የሚበላው ሰው ከሌለ የተረፈውን ጭኖ እንደሚወስድም በቀልድ ጨመረበት። ቀለመወርቅ አብሮት ሳቀ፤ ስልኩን ሲዘጋው ግን ፍርሃት ገባውና የቀሩትን ካርቶኖች ይቆጥር ጀመር።

የፈራው ካርቶኖቹ መሄዳቸውን አልነበረም። ከሄዱ አንድ ነገር ይረጋገጣል። ያንን የለበለበውን፣ ከሳል በኋላ የሚመጣውን የሣር ሽታ፣ በዚህ ሁሉ አገር የወደደው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ብቻውን ነው ማለት ነው። አንድ ሰው፣ ሌላ ባይሆን አንድ ሰው፣ ቀምሶ እውነትህን ነው ቢለው የቀረው ዓለም ጉልበቱን ቢያሽበትም ግድ አልነበረውም።

ዘመኑ በመጣበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ የዕለቱ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ሲደርስ፣ እማማ መስታወትና አያ ደምሌ ተጠሩ። ቀለመወርቅ የቀረውን ምርጥ ጠርሙስ ለደጊቱ ሰጥቶ፣ ጠርሙሱ የመድኃኒት ቤት ስለሚመስል ለእንግዳ በሚሆን ዕቃ እንድታቀርበው ነግሯት እንግዳውን ሊቀበል መናኸሪያ ሄደ። በምን ዕቃ ብሎ አልተናገረም። ይህን የሚያህል ሊቅ ያን ማለት ረስቶ ሄደ።

ማዕድ ቀረበ። የገብስ ቂጣ፣ ስልጆ፣ ሽሮ፣ መሐል ላይ ደግሞ አፏ በቅጠል የተደፈነ ቆንጆ ቅል። ቀለመወርቅ ቅሏን አንሥቶ ቅጠሉን ነቀለና እንደ ልማዱ አሸተተ። የሸተተው ጭስ ነበር። በእስቴ ደንብ ለክብር የሚቀርብ መጠጥ በወይራ ጭስ ባልታጠነ ዕቃ አይቀዳም፤ ደጊቱም ለእንግዳ ነው ስትባል የወይራ ፍም ቅሏ ውስጥ ከትታ አሳምራ አጥናታለች። ዘይቱ ጭሱን እስከ መጨረሻው ጠጥቶታል።

ውስጡ ያለው ቀለመወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው። ዘመኑ ቅሏን ተቀብሎ አሸተተና ግንባሩን ቋጠረ።

እማማ መስታወት ግን ሽታውን የሚያውቁት ከእናታቸው ቤት ጀምሮ ነው። ዕቃው ወተት የነካው እንደሆነ ደጊቱን ጠየቋት፤ አዲስ ቅል መሆኑንና ከኑግ ዘይት በቀር ምንም እንዳላየ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ቂጣ ቆርሰው አጠቀሱ። አላመጡ፤ ጥቂት ሳሉ፤ ደግመው አጠቀሱ። አያ ደምሌም ተከተሉ። ቅሏ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። በመጨረሻ እማማ መስታወት አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቀለመወርቅ ዞሩ።

«ይህን እያለህ ነው ያንን የረጋ ነገር ስትሰጠኝ የከረምክ?»

ዘመኑ በዘይት ነጋዴዎች ሥራ ይህ ጉድለት ተብሎ እንደሚጠራ፣ ዘይቱ ጭስ ከነካው በኋላ በዓለም ላይ አንድም ቀማሽ እንደማያሳልፈው በዝርዝር አስረዳ። ሲያስረዳ ግን እጁ ቅሏን አልለቀቀም፤ ቂጣውም እያለቀ ነበር። ቀለመወርቅም ቀመሰ። በትምህርቱ ሁሉ የተበላሸ ነው። ጉሮሮው ላይ ያው ለበለበው፣ ያው የሣር ሽታ መጣ፣ ከሽታው ኋላ ደግሞ የልጅነቱ ቤት መጣ። ለምን እንዳጠነችው ደጊቱን ጠየቃት።

«ዛፉ ያው ወይራ አይደል? ካገሩ ርቆ የመጣ ነው፤ ቤት ይምሰለው ብዬ ነው» አለች።

ዘመኑ ካርቶኖቹን ባሕር ዳር ስለ መውሰዱ ሌላ ነገር አላነሣም። እንዲያውም ሲሄድ የሚይዘው የታጠነ ቅል ቢገኝ ምንኛ ጥሩ ነበር አለ። ደጊቱ አሳልፋ ስትጨርስ ከሁሉም በታች ተቀመጠችና ከቅሏ ሥር የቀረውን በቁራሽ ቂጣ ጠርጋ ጎረሰች። ወዲያው ሳለች። አጭር ሳል ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ እጅ አፍ ላይ ተደርጎ።

ቀለመወርቅ የያዘው ቂጣ ከእጁ ወደቀ። ያን ሳል ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ሲያሳስበው፣ በጸሎቱ ሲያነሣው የከረመ ሳል ነው፤ ግድግዳ ያስፈረሰው ሳል። ለከተማው ሁሉ ካላሳለ ዘይት አይደለም እያለ ሲሰብክ፣ በገዛ ማጀቱ የሚሰማው ምን እንደሆነ አላወቀም።

«ደጊቱ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ሳል የጭስ አልነበረም?»

«የጭስ ነው ያልከው አንተ ነህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ስታስረዳኝ ይመሻል» አለች። «ዝም ብዬ ላጣጥመው ብዬ ነው።»

አያ ደምሌ በከባድ ጆሯቸው እንኳ ሰምተው ኖሮ ሳቅ ገደላቸው። ቀለመወርቅ አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ለዘይቱ ቢያሳብብም ማንም አላመነውም። ብቻውን እንዳልነበረ ገባው። ስንት ጊዜ ብቻውን የመሰለው ሰው፣ ከግድግዳው ወዲያ አብራው የምትስል ሴት ነበረችው።

«መስኮቱንስ ታዲያ ምን ላርገው?» አለ።

«መስኮቱን ተወው፤ ብርሃን ያስገባልኛል።»

ብርሃን የዘይት ጠላት መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከፈተና አያት። የወደቀውን ቂጣ አንሥቶ ጎረሰበትና ነገሩን አብሮ ዋጠው። እኛም በማግስቱ ሚስማር ባያልቅብንም ሱቁ ሄድን፤ ስለ ጭስ ምን እንደሚለን ለመስማት ቸኩለን ነበር።