የኩታው ዘርፍና የጓድ ሰብሳቢው ሐዘን

የማሸነፍ ትልቁ ችግሩ ለምን እንዳሸነፉ አለማወቅ ነው። አትሳቁ! ተሸናፊ ምክንያቱን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል፦ ዳኛው አድልቷል፣ ማይክሮፎኑ ጮኋል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዓይኑ ክፉ ነው... አሸናፊስ? እኔ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ አንደኛ የወጣነው በማሽናችን ነው ወይስ በለቅሶ? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ገበያ ሊገባ የሚችል ፈጠራ እንድናቀርብ ውድድር ታወጀ። ገበያ ይግባ እንጂ "ትርፍ" የሚባለው ቃል አይነሳም፤ የኢምፔሪያሊዝም ታናሽ ወንድም ነዋ! ስለዚህ ትርፉን "ለሰፊው ሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም" እያልን ስናቆላምጠው ከረምን። አንደኛ የወጣ ፈጠራው ጉለሌ በሚገኝ የመንግሥት ወርክሾፕ ይመረትለታል፤ እሱም እዚያው ይመደባል። የተሸነፈ ደግሞ ምደባ ወደ ወረወረው ይሄዳል፤ አገሩን ካርታ ላይ ፈልጎ ካገኘው ዕድለኛ ነው።

እኔ ከሽሮ ሜዳ ወዲያ መሄድ አልችልም ነበር። እናቴ ብቻዋን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሸማኔዎች የሸመኑትን የነጠላና የኩታ ዘርፍ በጣቷ እያከረረች ስትቋጭ ኖራ፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነበርኩ። የሠራነውም ማሽን ዘርፍ የሚቋጭ ነው። "የሠራነው" ስል እኔና ደረጀ ማለቴ ነው። ደረጀ በሒሳብ አንደኛ፣ ባገር ልብስ ግን መሃይም ነው፤ ኩታ የሚያውቀው ሰው ለብሶት ሲያልፍ በመስኮት አይቶ ነው። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ ነበርና እሱም እንደ ክፍሉ ሁሉ "እትዬ" ይለኛል። ማሽናችን በዋዜማው የደረጀን ሸሚዝ ጫፍ ይዞ አጥብቆ ስለቋጨው በመቀስ ነው ያላቀቅነው።

"ውጤቱ አመርቂ ነው" አለ ደረጀ፣ እምብርቱን በእጁ ሸፍኖ።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ጥርሳቸውን ማንም አይቶት የማያውቅ ጓድ፣ ካኪያቸውን ለብሰው መድረክ ላይ ተሰይመዋል። ተራችን ሲደርስ ደረጀ በማሽኑ የተቋጨውን ኩታ ይዞ ወጣና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገው... ጥለቱን ወደ ላይ! ዘርፉ አገጫቸው ሥር ተንዘረፈፈ።

እናንተ የዛሬ ልጆች፣ ኩታ ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ሰው ሲሞት መሆኑን ካላወቃችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

"ደረጀ! አዘቀዘቅከው እኮ!" አልኩት በሹክሹክታ።

"እና? ሥራችን ዘርፉ ነው እትዬ! እግራቸው ሥር ቢውል ማን ያየዋል?"

"ሐዘን ነው፣ አንተ!"

"ውይ... ላውርደው?"

ከጓድ ሰብሳቢ ትከሻ ላይ ልብስ የሚገፍ ጀግና በዚያ ዘመን አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ አልቆየም።

ሸማኔዎቹን ወክለው የተጋበዙት ጋሽ ዋዳ ምስጋና ሊያቀርቡ ወደ መድረኩ ወጡ። ኩታውን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ቆባቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

"እግዜር ያጥናዎት፣ ጌታዬ።"

ጓድ ሰብሳቢ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነዋ! ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ያኔ ሰው ጉዱን ያውቃል። "ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነበር። ግን ባለሥልጣን የማያውቀው ነገር አለ እንዴ? ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ በቃ። ከጋሽ ዋዳ ኋላ ሰልፍ ተሠራ።

"ይበርቱ ጓድ!"

"ሞት ለማን ይቀራል ጓድ!"

በፔዳል የሚሠራ ወፍጮ ይዘው የመጡት ተፎካካሪዎቻችን ሳይቀሩ ተሰለፉ። ማን እንደሞተ የጠየቀ አንድ ሰው የለም፤ በዚያ ዘመን የጠየቀ ይጠየቃል። ኋላ ጓድ ሰብሳቢ ዘርፉን ሰብስበው ዓይናቸውን ጠረጉበት... ያን ጊዜ አዳራሹ እንደ ግድብ ተናደ! ፊት የተቀመጠውም፣ ከበሩ ሥር የቆመውም፣ ጥበቃውም ተንሰቀሰቀ።

"ሐዘን ባለበት ሞተር አይነሳም" አሉ አንድ ዳኛ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። ማሽናችን ሳይነሳ፣ ወፍጮውም ሳይዞር ውጤት ተነገረ። ጓድ ሰብሳቢ ያለቀሱበትን ኩታ ሁለተኛ የሚያወጣ ዳኛ ከየት ይምጣ? አንደኛ!

እንደተባለው ጉለሌ ተመደብኩ። ማሽኑም ብዙ ከተጎራረደና ከተበየደ በኋላ ከሰው ሸሚዝ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ ነጠላ ተመለሰ። እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር ሽልማቱም ምደባውም የደረጀም አንገት አብሮ ይሄዳል። ዝም አይነቅዝም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ለጎረቤት "የልጄ ማሽን ከማማሩ የተነሳ ባለሥልጣን አስለቅሷል!" እያለች ስትኩራራ ሰማኋት። ሴትየዋ እስክትወጣ ጠብቄ ነገሩን ከሥር እስከ ጫፉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ?"

"ሙሉ።"

"ማን ሞተ ያለ የለም?"

"አንድም ሰው፣ እማዬ።"

"ምን ብለው ይጠይቁ! ያን ጊዜ ያልሞተበት ማን ነበረና? ማልቀሻ እንጂ ሟች መች ጠፋ።" ገላመጠችኝ። "አንቺ ግን ክፉ ነሽ... ምነው እኔን ለለቅሶው ሳትጠሪኝ!"